ለሐሰን፣ በኮቱ ኪስ

ውድ ሐሰን፣

በዚህ ስም ስጠራህ የመጀመሪያዬ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው በፊቴ ሐሰን እያለ ሲያነሳህ ሰምቼ ዝም ብያለሁ፤ እኔ ግን በአፌም በልቤም ለገሠ ነበር የምልህ። ዛሬ የምጽፈው ለለገሠ አይደለም። ለገሠን አግኝቼዋለሁ። ቤቴ ሰንብቶ፣ ከእጄ በልቶ፣ “ብርዬ” እያለ ሲጠራኝ ቆይቶ ትናንት ሄዷል። ለእሱ የምለው የለኝም። የምፈልገው አንተን ነው። ጥሎኝ የሄደው ሰው አንተ ነህ፤ አሁን የት እንዳለህ ግን የሚያውቅ የለም።

ኮትህ በሩ ኋላ ተሰቅሏል። ቡናማው፣ ክርኑ ላይ የተጣፈው። ሰፈራችን ውሃ ከጠፋ ስለቆየ በአንድ ጀሪካን ነው ያጠብኩት፤ ሽታው አለቀቀም። የማን ሽታ እንደሆነም አላውቅም። ይህን ወረቀት አጥፌ የውስጥ ኪሱ ውስጥ እከተዋለሁ። ሌላ አድራሻ የለህም።

እንዴት እንደመጣ ልንገርህ፤ አንተ አልነበርክም።

ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ አባርቶ በረንዳዬ ላይ ዳንቴሌን እየሠራሁ ሳለ አንድ ሰው የግቢውን በር በትከሻው ገጨው። አላንኳኳም፣ ገጨው። ድሮ በሩ የእንጨት ነበር፤ ክረምት ሲገባ ስለሚያብጥ ለገሠ ከሥራ ሲመለስ በትከሻው ነበር የሚከፍተው። አሁን የብረት ነው፤ የሚከፈተውም ወደ ውጪ ነው። ደግሞ ገጨው። ከፍቼ ሳየው ትከሻውን ይዞ ቆሟል።

“ብርዬ፣ በሩን ማን ቀየረው?” አለኝ።

ሐሰን፣ አንተን በመንገድ ሳይህ ኖሬአለሁ። ሐረር ትንሽ ከተማ ናት። ሸዋ በር ታክሲ ስጠብቅ ብቅ ትላለህ፤ አንተ መንገዱን ትሻገራለህ፣ እኔ ነጠላዬን ወደ ፊቴ እስባለሁ። ማንም ሳያስታርቀን፣ ቃል ሳንለዋወጥ ተስማምተን ይህን ሁሉ ዓመት ኖረንበታል። ስለዚህ ፊትህን አውቀዋለሁ። ጺምህ ሲነጣ፣ ግንባርህ ላይ የስግደቱ ምልክት ሲጠቁር፣ ጀርባህ ሲጎብጥ ከማዶ ሆኜ አይቻለሁ። በሬ ላይ የቆመው ያ ፊት ነው። የተናገረው ግን ሌላ ሰው ነው።

ልትሳለቅብኝ የመጣህ መስሎኝ ልዘጋብህ ስል እግሩን አስገባ። የሐኪም ጋራ ሰፈር የውሃ ቆጣሪዎች አድክመውት እንደዘገየ፣ ውሻ አባሮት ኮፍያው እንደወደቀ እየነገረኝ አለፈኝ። የውሃ ቆጣሪ አንባቢነቱን ከተወ ስንት ጊዜው። ከዚያ ዞር ብሎ ፊቴን አየና ደነገጠ። “ታመሽ ነበር እንዴ? እናትሽን መስለሻል እኮ።”

ቤት ገብቶ ድሮ አልጋችን በነበረበት ጥግ ሊቀመጥ አለ። አልጋው እዚያ የለም። ወለሉ ላይ ተዘረጋ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ሳቀ። ሳቁ አልተለወጠም፤ ያው የድሮው፣ ከጉሮሮ የሚነሳው ነው። ከንፈሩ ጥግ ምራቅ ደርቋል፤ ጥርሶቹ አልቀዋል፤ በቀሩት መካከል ግን የወጣት ባሌ ሳቅ ይወጣል። የሞተ ዘመዱን ልብስ የማያውቀው ሰው ለብሶት ያየ እንዲህ የሚቀፈው ይመስለኛል።

አንተ የሄድክ ቀን ጠዋት ነበር። ኮፍያህን እያደረግህ ራስህን ወደ ጎን ዘንበል አድርገህ፣ “ብርዬ፣ እራት አስቀምጪልኝ፤ እመጣለሁ” አልክ። አስቀመጥኩ። ሽሮው አረንጓዴ ጸጉር እስኪያበቅል አስቀመጥኩ። ቆጣሪ ልታነብ ከምትገባባቸው ቤቶች በአንዱ ያለችን ሴት ለምደህ፣ ሰልመህ፣ ሐሰን ተብለህ፣ ኒካህ ማሰርህን የሰማሁት ጊደር መጋላ ገበያ ቁጢጥ ብዬ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። ሃይማኖትህን መለወጥህ አይደለም ያቆሰለኝ፤ እሱ በአንተና በፈጣሪህ መካከል ነው፣ ሐረር ላይም አዲስ ነገር አይደለም። ፊት ለፊቴ ቆመህ ሁለት ቃል መናገር እንዴት አቃተህ? ያቆሰለኝ ይህ ነው። ለምን አልነገርከኝም የሚለውን ጥያቄ ስተኛም ስነሳም ይዤው ኖሬአለሁ። አንድ ቀን እጠይቀዋለሁ እል ነበር። አርጅተን፣ ንዴቱ ወጥቶልን፣ አንድ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን።

ይኸው አፉ መጣልኝ። መልሱ ግን ውስጡ የለም።

ጋሼ ጌታነህን አስጠራሁ። ታላቅ ወንድሜን መቼም አትረሳውም፤ “ያ ሰውዬ በእጄ ይገባል” እያለ ከጦር ሠራዊት እስኪወጣ፣ ከወጣም በኋላ ሲዝትብህ የኖረ ነው። ዱላውን ይዞ መጣ። ለገሠ ሲያየው እንደ ልጅ ዘሎ ተጠመጠመበት፤ መቼ ከግዳጅ ተመለስክ፣ ያ ጎንደሬው ጓደኛህ ደህና ነው ወይ፣ እያለ ያገላብጥ ጀመር። ጎንደሬው ባድመ ላይ ከወደቀ ስንት ዘመኑ። ጋሼ ጌታነህ ዱላውን ግድግዳ አስደግፎ አለቀሰ። ከዚያ እንባውን ጠርጎ፣ “ማርያም መለሰችው” አለ።

በማግስቱ ሰፈሩ ግቢዬ ውስጥ ነበር። ወይንሸት፣ ጎረቤቴ፣ ገና ከበሩ እልልታዋን አቀለጠችው። “ውሃው ሳይመጣ ቆጣሪ አንባቢው መጣ” ብላ ሴቶቹን አሳቀች። ዓይናቸው ከሱ ላይ አይነሳም። አንዷ ግንባሩ ላይ ያለውን ጥቁር ነገር በጸበል ቢያሹት ይለቃል አለች። ሌላዋ እጇን ዘርግታ ነካችው፣ ገበያ ላይ ያለ ዱባ ይመስል። እሱ ለሁሉም ፈገግ ይላል። ጋሼ ጌታነህ የእድሩን ሰዎች ለብቻ ይዞ ስሙ በቶሎ እንዲመዘገብ ይመክራል። “ቢያንስ ከወገኖቹ ጋር ያርፋል” ይላል። ሰውዬው ገና ብርቱካን እየላጠ መቃብሩን ይሻሙበት ጀመር። አንገሸገሸኝ። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ብቻዬን ሳድር አንድ ቀን ደጄን ያልረገጡ ሴቶች ዛሬ “እንኳን ደስ ያለሽ” ብለው ጉንጬን ሲስሙኝ ፊቴን በሳሙና መፈግፈግ አማረኝ።

ጉዳዩ ተቆረጠ። ሃይማኖቱን ትቶ የተመለሰ ሰው የሚጠመቀውን ጥምቀት፣ ቄደሩን፣ እሑድ ሊያስደርጉለት ከአባ ገብረመድኅን ጋር ተነጋገሩ። ከዚያ በኋላ ባሌ ሆኖ እኔ ቤት ይኖራል። ማንም እኔን አልጠየቀኝም። ምን ይጠየቃል፣ ደስ ከመሰኘት ውጪ ምን ትሆናለች ብለው ነው።

ደስ ብሎኝ እንደነበረ አልደብቅህም። አንድ ቀን፣ አንዲት ደቂቃ። አመሻሹ ላይ በረንዳው ላይ ተቀምጠን እጄን ያዘኝ። “እጅሽ ሻከረ፤ እኔ ሳልኖር ብዙ ትሠሪያለሽ” አለኝ። ማንም ሰው ስለ እጄ ምንም ብሎኝ አያውቅም። ተውኩለት። ሌላው እጄ ሻሼን አቃና፤ ሳላዘው። ከዚያ ጠጋ ሲል ከአንገቱ ሥር የሌላ ሴት ሳሙና ሸተተኝ፤ የጥፍሩን አቆራረጥ አየሁ፣ ሌላ ሰው በጥንቃቄ ክብ አድርጎ የቆረጠው ነው። የሰው መፋቂያ አፌ ውስጥ የከተትኩ መሰለኝ። ተነስቼ እጄን ታጠብኩ። ሻሼን ያቃናውን እጄንም አብሬ ፈተግኩት።

የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ያነበብኩት ስኳርና ቅመም ከሚጠቀለልበት ወረቀት ነው። አንድ ጊዜ በርበሬዬ ከሳይንስ መጽሐፍ በተቀደደ ገጽ ተጠቅልሎ መጣ። የሰው ቆዳ ሳያቋርጥ እየረገፈ በሌላ ይተካል ይላል። በስንት ጊዜ እንደሆነ የሚናገረው ግማሽ ለሌላ ሰው በርበሬ ሄዷል። ያኔ በዚያ ተጽናንቼ ነበር፤ እኔ የነካሁት ቆዳ ረግፎ አልቋል፣ እሷ የምትነካው ሌላ ነው ብዬ። አሁን ነገሩ ተገልብጦ መጣብኝ። ቆዳው የሷ ነው፣ ውስጡ የኔ ነው። ታዲያ ይህ ማን ይባላል? ግማሽ ገጽ ይዞ መጽሐፍ አለኝ ማለት ነው።

ጎህ ሳይቀድ ያለውን ደግሞ ስማ። የመጀመሪያው ሌሊት ሊነጋ ሲል፣ የሱብሂ አዛን እንደተሰማ፣ ከተኛበት ምንጣፍ ተነሳ። ዓይኑ በቅጡ አልተከፈተም። ጀሪካኑን አዘንብሎ እጁን ታጠበ፣ አፉን፣ አፍንጫውን፣ ፊቱን፣ ክንዱን እስከ ክርኑ፣ እግሩን። አንዲት ጠብታ አላባከነም። ፎጣዬን መሬት ላይ ዘረጋ፤ በማያውቀው ቤት ውስጥ፣ በጨለማ፣ አቅጣጫውን ሳይጠይቅ ቆመና ሰገደ። ጉልበቱ ቦታውን ያውቃል። ሲጨርስ ፎጣዬን አጥፎ ተኛ። ነግቶ ሲነሳ ደግሞ ሥዕለ ማርያም ፊት ቆሞ አማተበ። ሌሊቱን ምን አደረግህ ብዬ ስጠይቀው ፎጣውን አየና፣ “ማነው ያረጠበው?” አለኝ።

ጋሼ ጌታነህ፣ “ልማድ ነው፣ ይለቀዋል” አለ። እኔ ግን አንተን እንዳየሁህ አውቄአለሁ። በክርንህና በጉልበትህ ውስጥ ሆነህ በየንጋቱ ትመጣለህ፣ ታጥበህ ሰግደህ ትሄዳለህ። ከዚያች ሰዓት ሌላ የትም አላገኘሁህም። አንድ ጊዜ ከኋላህ ቆሜ ልጠይቅህ ዳድቶኝ ነበር። በሰው ጸሎት መካከል አይገባም ብዬ ተውኩት።

ለገሠን ግን ጠየቅኩት። ቁርሱን እየበላ ነበር።

“ለምን ሳትነግረኝ ሄድክ?”

“የት?”

“ጀጎል ውስጥ። ሐዋን አግብተህ።”

ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። ዓይኑ እንባ ሞላ። “ማነው ይሄን የነገረሽ?” አለ። “እኔ አንቺን ትቼ? ስሜን የሚያጠፋውን ሰው ንገሪኝ፤ ዛሬውኑ አነጋግረዋለሁ።” ኮቱን አንስቶ ስም አጥፊውን ፍለጋ ሊወጣ ተነሳ። እጅጌውን ይዤ አስቀመጥኩት። ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ እሱ እንባውን ጠርጎ ይቅር አለኝ።

ሐዋ የመጣችው በነጋታው ነው። ፖሊስ ጣቢያውን፣ ሆስፒታሉን፣ አውቶቡስ ተራውን ስትዞር ሰንብታ፣ ወሬው ገበያ ውስጥ ደርሷት። ዝናብ ደብድቧታል፤ በእጇ ፌስታል ይዛለች። ጋሼ ጌታነህ በሩን ይዞ ቆመና፣ “እዚህ ያንቺ ሰው የለም። ለገሠ የሚባል የኛ ልጅ ነው ያለው” አላት።

“እሺ፣ ጋሼ” አለች። “ለገሠንም ቢሆን ልየው።”

ብርቱካን እየላጠ ቀና ብሎ አያት። ቅመም ስለምትሸጥ ልብሷ ሁሉ ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል። “ብርዬ፣ ይቺ ሴትዮ ማናት? ቅመም ልትሸጥልሽ ነው?” አለኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት እሷ መለሰችለት። “አዎ፣ ቅመም ልሸጥላት ነው።” ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ቀስ ብላ፣ “አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለ” አለችና አጠገቤ ተቀመጠች።

ፌስታሉን ፈታች። ነጩን ኪኒን ጠዋት ከበላ በኋላ፣ ቢጫውን ማታ። በግራ ጆሮው አይሰማም፣ በቀኙ በኩል ሁኚ። ወተት ይነፋዋል። ጥፍሩን ራሱ እንዲቆርጥ አትፍቀጂለት፤ ሥጋውን ይነካዋል፣ ስኳር ስላለበት ቁስሉ አይድንም። እየነገረችኝ ካልሲዎቹን ጉልበቷ ላይ ትደረድራለች። “ከታመመ አራተኛ ዓመቱ ነው” አለችኝ። “እኔን ሌባ ናት ይለኛል። ሌሊት ተነስቶ ከቤቴ ውጪልኝ ይላል፤ የገዛ ቤቴ እኮ ነው። አንቺን ነበር የሚጠራው። እዚህ ደስ ካለው ይቀመጥ፣ አላስቸግርሽም። ኪኒኑን ብቻ እንዳትረሺበት። መቼም አንቺ ደግ ሰው ነሽ። ያኔም ደግ ነበርሽ።”

“ያኔ መቼ?”

“መርቀሽ የለቀቅሽው ጊዜ ነዋ።”

ምን እንደምትል አልገባኝም። አስረዳችኝ። “ለብርነሽ ነገርኳት፣ አለቀሰች፣ ከዚያ አላህ ይርዳህ ሂድ ብላ መርቃ ሸኘችኝ” ብለህ ነግረሃታል። “ወላሂ፣ በዚያ ነው እሺ ያልኩት” አለች። “ሳታውቂ ቢሆን ኖሮ እኔ…” ፊቴን አይታ አቆመች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ይቺን ሴት ጊደር መጋላ ባገኘኋት ቁጥር ከጉሊቷ ብድግ ብላ ሰላም ትለኝ ነበር። እንደ ዘመድ። ስታላግጥብኝ መስሎኝ ደሜ ይፈላ ነበር፤ እሷን ላለማየት ስል ቅመሜን ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ከሌላ ሰው ስገዛ ነው የኖርኩት። ለካ እሷ ስታመሰግነኝ ነው የኖረችው። እኔ ስጠላት እሷ ስታከብረኝ፣ በአንድ ገበያ ውስጥ አረጀን። ሁለታችንንም አንድ ሰው ዋሸን፤ ያ ሰው ደግሞ ከሷም ቤት ከእኔም ቤት ጠፍቷል።

ሐሰን፣ በርግጥ የተጸየፍኩህ በዚያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ የተጸየፍኩት ሌላ ሌላውን ነበር፤ ሽታውን፣ ምራቁን፣ የሰፈሩን እልልታ። መውደድህን እረዳለሁ፣ መፍራትህንም እረዳለሁ። የኔን ምርቃት ፈጥረህ፣ ያላልኩትን በአፌ አስገብተህ፣ በሱ ላይ ቤት መሥራትህን ግን እንዴት አድርጌ ልዋጠው? ተነስቼ በጥፊ ልመታህ ፈለግሁ። ዞር ስል ለገሠ ብርቱካኑን ለሁለት ከፍሎ ይጠብቃል። ግማሹን ለእኔ፣ ግማሹን ለሷ። “ለእንግዳዋም ስጫት” አለኝ፤ ዓይኑ ንጹሕ ነው። ሁለታችንም ተቀብለን በላን። እንደዚያ ብርቱካን የመረረኝ ነገር የለም።

ቅዳሜ አባ ገብረመድኅን መጡ። ጋሼ ጌታነህ ለገሠን የራሱን ሹራብና ነጭ ጋቢ አልብሶ አስቀምጦታል። አባ መስቀላቸውን አሳልመውት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁት።

“ልጄ፣ ልትመለስ ፈልገሃል?”

“ከየት፣ አባ?”

“ከሄድክበት።”

“ከሐኪም ጋራ? ተመልሻለሁ እኮ። ዛሬ ሥራ የለም።”

ጋሼ ጌታነህ ጉሮሮውን ጠረገ። አባ በእጃቸው ዝም አሰኙት። “በነዚህ ዓመታት የበደልከው ሰው አለ?” አሉት። ለገሠ ብዙ አሰበ። ከዚያ አቀርቅሮ፣ አንድ ቀን ሽሮው ጨው በዝቶበት ብርዬን ተቆጥቻታለሁ አለ፤ ይህንንም ሲናገር ድምፁ ተቆራረጠ።

አባ ወደ እኔ ዞሩ። “አንቺስ፣ ልጄ? ምን ትያለሽ?” ከዚያ ሁሉ ሰው የጠየቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

“አባ፣ የሄደው ሰው አልመጣም” አልኳቸው። “ይሄ ያልሄደው ነው።”

መስቀላቸውን ጋቢያቸው ውስጥ መለሱ። “ያልሄደ ሰው ከየት ይመለሳል?” አሉ። “የታመመ ሰው ነው፤ ለታመመ ሰው እጸልያለሁ። ከዚያ ያለፈውን አትጠይቁኝ።” ባርከውት ወጡ።

ጋሼ ጌታነህ በሩ እስኪዘጋ እንኳ አልጠበቀም። አሳፈርሽኝ አለ፤ የእድሩን ሰዎች ምን ልበላቸው አለ። በመጨረሻ፣ “ይሄን ሁሉ ዓመት ያለቀስሽው ለማን ነው ታዲያ?” አለኝ። መልሱን ግን ለአንተ ልስጥህ። ያለቀስኩት ለለገሠ ነው፤ የተጣላሁት ካንተ ነው። ለገሠን ብይዘው ይወደኛል፤ በየቀኑ እንደ አዲስ ይወደኛል፤ ምን እንዳደረገኝ ስለማያውቅ። እንደዚያ ያለ ፍቅር ደግሞ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ይቅር ልበለው ብልም ያላጠፋን ሰው ይቅር ማለት አልችልም። ያጠፋው አንተ ነህ፤ አንተ ካለህ ደግሞ ያለኸው ጥፍርህን መቁረጥ በምታውቅ ሴት እጅ ነው።

ሰኞ ጠዋት ከቁርስ በኋላ፣ “ለገሠ፣ ጀጎል ውስጥ ያልተነበበ ቆጣሪ ቀርቷል” አልኩት። ደስ ብሎት ተነሳ። ኮትህ ታጥቦ ገመድ ላይ ስለነበር በጋሼ ጌታነህ ሹራብ ነው የወጣው። በሸዋ በር ገብተን በገበያው ቁልቁል ወረድን። አፉ ስለ ሐኪም ጋራ ውሾች ያወራል፤ እግሩ ግን እኔን አልጠበቀም። በጠባቦቹ መንገዶች ውስጥ አንዴም ሳይሳሳት ታጠፈ፣ ደረጃው የተሰበረበት ጋ ሳያይ ዘለለ። ሱቅ በር ላይ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ “አሰላሙ አለይኩም፣ ሐሰን” አለው። የውሻውን ወሬ ሳያቋርጥ ቀኝ እጁ ደረቱ ላይ ሄደ፤ “ወአለይኩም ሰላም” አለና ውሻው ምን ያህል እንደነበር ይነግረኝ ጀመር። አንተን በዚያ መካከል ለአንድ አፍታ አየሁህ። ያን ያህል ናት የቀረችህ።

የሐዋ በር ጋ ስንደርስ እጁ በሽንቁሩ ገብቶ መወርወሪያውን ከውስጥ ሳበው። ጫማውን አውልቆ ከፍ ወዳለው መደብ ወጣ፣ ከትራሶቹ አንዱን ሳያይ ስቦ ክርኑን አሳረፈበት። ቦታው በገላው ልክ ጎድጉዷል። የተቀመጠው ገላው ነው፤ ፊቱ ግን እንግዳ ቤት የገባ ሰው ፊት ነበር። ሐዋ እጇ ቅመም እንደሆነ ከጓዳ ወጣች።

“የውሃ ቆጣሪ ላነብ ነው የመጣሁት” አላት።

እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው። “እሺ፣ አቦ፣ ቆጣሪው ውስጥ ነው” አለች። “መጀመሪያ ግን ኪኒን ቢጤ ዋጥ።” ውሃውን በቀኙ በኩል ዞራ ሰጠችው።

ልወጣ ስዞር ጠራኝ። ራሱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ ነበር። “ብርዬ፣ እራት አስቀምጪልኝ፤ እመጣለሁ” አለኝ።

ያው ቃል፣ ያው ድምፅ።

“አላስቀምጥም” አልኩት። “እዚሁ ብላ።”

“እሺ” አለ። ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ሐሰን፣ ኮትህን ነገ ጊደር መጋላ ይዤላት እሄዳለሁ፤ ቅመሜንም ከአሁን በኋላ ከሷ እገዛለሁ። ከጉሊቷ ብድግ ስትል እኔም ሰላም እላታለሁ፣ አሁን ምክንያቱን ሁለታችንም እናውቃለን። አንድ ንጋት ለስግደት ተነስተህ፣ ቀዝቅዞህ ኮትህን ደርበህ፣ እጅህ ይህን ወረቀት ካገኘው አንተ ነህና አንብበው። ለገሠ ካገኘው የማያውቀው ሰው ጉዳይ ነው፤ መልሶ ይክተተው።

መልስ አልጠብቅም። ከሄድክበት ቦታ መልስ እንደማይላክ አይቻለሁ።

ከእንግዲህ እራት የማላስቀምጥልህ፣
ብርነሽ